በገጠር ቀበሌዎች የአእምሮ ሕክምናን ማዳረስና ራስን ማጥፋትን መከላከል፦ ለድሬዳዋና ለሐረር አካባቢ የጤና ሠራተኞች

ከድሬዳዋ ከተማ ወጥቶ ወደ ዋሂል፣ ወደ ቢዮ አዋሌ ወይም ወደ ጀልዴሳ የሚሄድ፣ ከሐረርም ወደ ሶፊ፣ ወደ ኤረር ወይም ወደ ድሬ ጠያራ የሚወርድ የጤና ባለሙያ በየመንደሩ ተመሳሳይ ታሪክ ይሰማል። ቤተሰብ ከብት ሸጦና መኪና ተኮናትሮ የታመመ ልጁን ወደ ድል ጮራ ወይም ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ያመጣል። የአንድ ወር መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ልጁ እንቅልፍ ያገኛል፣ ይረጋጋል። መድኃኒቱ ሲያልቅ ግን ለመመለሻ የሚሆን ገንዘብ አይኖርም፣ ወይም የእርሻ ወቅት ይደርሳል፣ ወይም «ድኗል» ተብሎ ይተዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ሲነሣ ቤተሰቡ «የሐኪም ቤቱም አልሆነም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሕክምናው ሠርቶ ነበር፤ የጠፋው ታካሚው በቀረ ጊዜ «ምነው ቀረህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ይህ መመሪያ ለጤና ጣቢያ ኃላፊዎች፣ ለነርሶችና ለጤና መኮንኖች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንዲሁም ለወረዳና ለክላስተር የጤና አስተባባሪዎች የተጻፈ ነው። መነሻ ሐሳቡ አንድ ነው፤ በገጠር የአእምሮ ጤና አገልግሎት ደርሷል የሚባለው የቀረውን ታካሚ በስሙ አውቆ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚፈልግ፣ በኃላፊነት የተመደበ ሰው ሲኖር ነው። ሥልጠናውም፣ መድኃኒቱም፣ የሕክምና ክፍሉም መመዘን ያለባቸው ይህን ሥራ በማገዛቸው ነው።

ባለው መዋቅር መጀመር

አዲስ መዋቅር አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ጤና ኬላ እንዲኖርና ሠራተኞቹ ቤት ለቤት እንዲዘዋወሩ አድርጓል። በገጠር አንድ ጤና ጣቢያ አምስት ያህል ጤና ኬላዎችን ይዞ ወደ 25,000 ለሚጠጋ ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ የተዋቀረ በመሆኑ፣ ሕመምተኛው የሚለይበት፣ ሕክምና የሚጀምርበትና ክትትል የሚደረግበት ሰንሰለት ቀድሞውንም ተዘርግቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያስጀመረውና ባለሙያዎች «ኤምኤች ጋፕ» የሚሉት መርሐ ግብርም የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ያልሆኑ የጤና ሠራተኞች ዋና ዋናዎቹን የአእምሮ ሕመሞች መርምረው እንዲያክሙ የሚያስችል መመሪያ አለው፤ ኢትዮጵያም መመሪያውን ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ናት።

«የጤና ጣቢያ ነርስ የአእምሮ ሕመምተኛን በእርግጥ ማከም ትችላለች?» የሚል ጥርጣሬ አሁንም በስብሰባ ሁሉ ይነሣል። ለዚህ መልሱ ከአገራችን ገጠር መጥቷል። በጉራጌ አካባቢ በሶዶና በአጎራባች ወረዳዎች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ሲታከሙ ያገኙት ውጤት የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ካከሟቸው ሰዎች ውጤት እንደማያንስ አሳይቷል። በሶዶ የተሠራውን እዚህ የማንሠራበት ምክንያት አይታየኝም፤ በቀርሳ ለዓመታት የሕዝብ ጤና ክትትል ሲያካሂድ የኖረው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲም በአጠገባችን ነው።

ከእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ቢያንስ ሁለት ሰው ይሠልጥን፤ አንድ ጤና መኮንንና አንድ ነርስ ቢሆኑ ይመረጣል። አንድ ሰው ብቻ ከሠለጠነ በዝውውሩ ወይም በወሊድ ፈቃዱ ማግሥት አገልግሎቱ ይዘጋል። ከሥልጠናው በኋላ ከሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ በወር አንድ ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያው ይውረድ፤ ሲመጣም ከኃላፊው ጋር ሻይ ጠጥቶና ቅጽ ሞልቶ አይመለስ። ከሠልጣኟ ጋር አብሮ ታካሚ ያይ፣ የአምስት ታካሚዎችን ካርድ መርጦ መድኃኒቱና መጠኑ ትክክል መሆኑን ይመርምር፣ ከቀጠሮ የቀሩትን ስም ጠይቆ ይመዝግብ። የበላይ ክትትል የሌለው ሥልጠና አበልና የምስክር ወረቀት ሆኖ እንደሚቀር በዚህ ሥራ የቆየ ሁሉ ያውቀዋል።

በሁሉም ሕመም በአንድ ጊዜ መጀመር አያስፈልግም። እኔ የምመክረው በሚጥል በሽታ መጀመርን ነው። የሚጥል በሽታ የነርቭ ሕመም ቢሆንም የሚታከመው በዚያው ክፍልና በዚያው ባለሙያ ነው፤ በየቀኑ ይወድቅ የነበረ ልጅ መድኃኒት ጀምሮ መውደቁ ሲቀር መንደሩ ሁሉ ያያል፣ እምነትም ያድራል። ሁለተኛው ሳይኮሲስ የሚባለውና ታማሚውን ከእውነታው የሚያርቀው ከባድ ሕመም ነው። ድብርትና ራስን የማጥፋት አደጋ ሦስተኛ ይቀመጡ እንጂ ሥልጠናቸው ከመጀመሪያው ቀን ይሰጥ፤ ይህ አደጋ ተራ ጠብቆ አይመጣምና።

ሕመምተኛውን መለየትና መጠየቅ

ከባድ ሕመም ያለበትን ሰው መንደሩ ራሱ ይጠቁማል፤ ድብርት ያለበትን ግን ማንም አይጠቁምም፣ እርሱም ስለ ስሜቱ አይናገርም። ወደ ጤና ኬላ ሲመጣ «ራሴን ያነደኛል»፣ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል»፣ «ጉልበቴ ከዳኝ»፣ «ልቤ ይመታል»፣ «እንቅልፍ አጣሁ» ይላል፤ የራስ ምታት ክኒን ይሰጠዋል፣ ይሄዳል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ለተመሳሳይ ቅሬታ ሦስት ጊዜ የመጣን ሰው ሁሉ ስለ ስሜቱ መጠየቅ የጤና ጣቢያው ደንብ ይሁን። ያዘነበት ወይም ደስ ይለው የነበረው ነገር ሁሉ ያስጠላበት ጊዜ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ እንቅልፉ፣ የምግብ ፍላጎቱና የሥራ ጉልበቱም ከቀነሱ ሙሉ ምርመራ ያስፈልገዋል። ወደ አማርኛ ተተርጉሞ በአገራችን የተፈተሸው ፒ.ኤች.ኪው-9 የተባለው ባለ ዘጠኝ ጥያቄ ቅጽ ለዚህ ይረዳል። ነገር ግን በአብዛኞቹ የገጠር ቀበሌዎቻችን ሰው የሚያዝነው በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማልኛ ነው፤ የአማርኛውን ቅጽ እያዩ በቃል መተርጎም እያንዳንዱ ሠራተኛ የተለያየ ጥያቄ እንዲጠይቅ ያደርጋል። የጤና ጣቢያው ሠራተኞች አንድ ቀን ተቀምጠው የጥያቄዎቹን አባባል በየቋንቋው ተስማምተው ይጻፉ፣ ከአካባቢው አዋቂዎች ጋርም ያመሳክሩ። ልጅ ወይም ጎረቤት እንዲያስተረጉም ፈጽሞ አይደረግ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አራስ ሲጠይቁ፣ ልጅ ሲያስከትቡና እርጉዝ ሲከታተሉ ስለ እናትየዋም ስሜት ይጠይቁ። ከወሊድ በኋላ ሕፃኑን ዞር ብላ የማታይ፣ ያለ ምክንያት የምታለቅስ ወይም ፈጽሞ የማትናገር እናት ችላ መባል የለባትም።

በዚህ አካባቢ ስለ እንቅልፍና ስለ ስሜት ሲጠየቅ ስለ ጫት ሳይጠይቁ ማለፍ አይገባም። ምርቃናው ሲያልፍ የሚመጣውን ትካዜ፣ ሐራራ ሲይዝ የሚታየውን ቁጣና ዝለት፣ ጫት ሲተው በሌሊት የሚያስጨንቀውን ዱካክ ባለሙያው ከድብርት ምልክቶች ጋር እንዳያደባልቅ መጠንቀቅ አለበት። በሌላ በኩል «የጫት ነው» ብሎ እውነተኛ ድብርትን መናቅም የሰው ሕይወት ያስከፍላል። ምን ያህል እንደሚቃም፣ ከሰው ጋር በበርጫ ይሁን ብቻውን፣ ቀን ይሁን ሌሊት፣ ከመቼ ወዲህ እንደጨመረ በትሕትና ይጠየቅ። ጥያቄው ወቀሳ ከሆነ መልሱ እውነት አይሆንም፤ ጫት በዚህ አገር የብዙ ገበሬ ቤተሰብ መተዳደሪያ መሆኑን ጠያቂው አይርሳ።

ብዙ ሠራተኞችን የሚያስፈራቸው ስለ ሞት መጠየቅ ነው። «ብጠይቃት ሐሳቡን አመጣባታለሁ» የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም፤ በግልጽና በአክብሮት መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያመጣ ጥናቶች አረጋግጠዋል፤ ብዙ ጊዜም የሚያስከትለው እፎይታን ነው። ጥያቄው ከሩቅ ተነሥቶ ወደ ቅርብ ይምጣ። ለምሳሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሦስት ወር ሕፃን ካላት እናት ጋር ቡና እየተፈላ ተቀምጣለች እንበል።

«እህቴ፣ ሌሊቱን እንዴት ታሳልፊያለሽ?»
«እንቅልፍ የለኝም፤ ሳስብ ይነጋል።»
«ሐሳቡ ሲበዛብሽ ኑሮ የሚያስጠላሽ ጊዜ አለ?»
«ኧረ ስንቴ።»
«ባልነጋ፣ ባልነቃ የምትይበት ቀንስ?»
ዝም ትላለች። ሠራተኛዋም ዝምታውን አትሞላውም፤ ትጠብቃለች።
«አለ» ትላለች በመጨረሻ።
«እንዲህ ሲጨንቅሽ ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?»

የመጨረሻው ጥያቄ በዚሁ ግልጽ ቃል ይጠየቅ። «መጥፎ ነገር አላሰብሽም አይደል?» ብሎ መጠየቅ «አላሰብኩም» የሚለውን መልስ በአፏ ማስቀመጥ ነው። መልሷ «አዎ» ከሆነ መገሠጽም፣ «ኃጢአት ነው»፣ «ሐራም ነው» ማለትም፣ «ልጅሽን አስቢ» ብሎ መጫንም አይገባም፤ ይህን ሁሉ ራሷ ለራሷ ስትለው ከርማለች። «ይህን ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ፤ ብቻሽን አይደለሽም፤ ዛሬ አብረን አንድ ነገር እናደርጋለን» ማለት ይበቃል።

«አዎ» ከተባለ በኋላ

ቀጥሎ የሚጠየቀው ሐሳቡ ብቻ ነው ወይስ ዕቅድም አለ፣ ከዚህ በፊት ሙከራ ነበር ወይ፣ አሁን ማታ ቤት ማን አለ የሚለው ነው። ዕቅድ ካለ፣ በቅርቡ ሙከራ ከተደረገ፣ ወይም ሰውየው በብርቱ ከተረበሸ፣ ወይም ፈጽሞ መናገር ካቆመ አደጋው የዛሬ ነው። በዚህ ጊዜ ለአፍታም ብቻውን አይተው፤ የሚያምነው አንድ ዘመድ አጠገቡ ይሁን፤ በቤት ውስጥ ለጉዳት ሊውል የሚችል ኬሚካል፣ መድኃኒትና መሣሪያ ወደ ሌላ ሰው ቤት ይወሰድ፤ ከዚያም በዚያኑ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ፣ እንደ ሁኔታውም ወደ ሆስፒታል ይሸኝ። ራሱን የጎዳ ወይም አንድ ነገር የወሰደ ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም ደህና መስሎ ቢታይም ሳይዘገይ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ፤ በቤት ውስጥ ለማስመለስ መሞከር አደገኛ ነው። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወላል፤ አምቡላንስ የሚዘገይበት ቀበሌ ግን የትኛው ባለ መኪና ወይም ባለ ባጃጅ በሌሊት እንደሚጠራ ከቀበሌው ጋር አስቀድሞ መስማማት አለበት።

ሽኝት ማለት ወረቀት ጽፎ መስጠት አይደለም። ላኪዋ ለተቀባዩ ባለሙያ ትደውል፣ ማን እንደሚሸኝ ትወቅ፣ በማግሥቱም ደርሶ እንደሆነ ትጠይቅ።

ቤተሰብ ሙከራን የሚደብቀው አንድም በሐፍረት፣ አንድም «ፖሊስ ያስረዋል» በሚል ፍርሃት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የገፋፋን ወይም የረዳን ነው እንጂ ራሱን ለማጥፋት የሞከረውን ታማሚ አይደለም። ይህንን ለቀበሌ አመራር፣ ለሚሊሻና ለፖሊስ ማስረዳት የጤና ጣቢያው ሥራ ይሁን፤ ፍርሃቱ ሲነሣ ወደ ሕክምና የሚመጣው ሰው ይበዛል።

ክትትሉ ራሱ ሕክምና ነው

የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በሕንድ፣ በስሪ ላንካ፣ በኢራንና በቻይና ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው ወደ ድንገተኛ ክፍል በመጡ 1,867 ሰዎች ላይ አንድ ቀላል ነገር አስሞክሮ ነበር። ለግማሾቹ ከተለመደው ሕክምና በተጨማሪ የአንድ ሰዓት ያህል ምክር ተሰጣቸው፤ ከዚያም በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ4ኛው፣ በ7ኛውና በ11ኛው ሳምንት፣ ቀጥሎም በ4ኛው፣ በ6ኛው፣ በ12ኛውና በ18ኛው ወር በስልክ ወይም ቤታቸው ድረስ በመሄድ እንዴት እንደሆኑ ተጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ውጤት እንዳሳየው ከ18 ወራት በኋላ ራሳቸውን ያጠፉት የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት 2.2 በመቶ፣ ክትትል ከተደረገላቸው ደግሞ 0.2 በመቶ ነበሩ። ውድ መድኃኒትም ውስብስብ የንግግር ሕክምናም አልነበረውም፤ ሥራው የቆመው ሰው መልሶ በመጠየቁ ላይ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያለችበት አገር ይህን ለመሥራት ከማንም የተሻለ ዕድል አለው።

ለዚህ ሥራ መስመር የተሰመረበት ተራ ደብተር ይበቃል። በግራ በኩል የታካሚው መለያ ቁጥር፣ ቀጥሎ ጎጡ፣ ታካሚው ራሱ የመረጠው አንድ የቤተሰብ ሰውና የስልክ ቁጥር ይጻፋል፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ዘጠኝ ጠባብ ዓምዶች ይሰመራሉ። በእያንዳንዱ ዓምድ አናት ላይ ታካሚው የተመዘገበ ዕለት የዘጠኙም ጉብኝቶች ቀን በእርሳስ ይጻፋል፤ ጉብኝቱ ሲፈጸም በዚያው ዓምድ በእስክሪብቶ ቀኑና አንድ ቃል ይጨመርበታል፦ «ደህና»፣ «ባሰ»፣ «አልተገኘም»። ሰኞ ጠዋት ደብተሩን የሚከፍተው ሰው በእርሳስ ብቻ የቀሩትን ቀኖች ያያል፤ የሳምንቱ ሥራ እነዚያ ናቸው። «አልተገኘም» ሁለት ጊዜ ከተከታተለ ጉዳዩ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያው ይሂድ። ይኸው ደብተር ከቀጠሮ የሚቀሩትን የሳይኮሲስና የሚጥል በሽታ ታካሚዎች ለመከታተልም ያገለግላል።

ደብተሩ በቁልፍ ይቀመጥ፤ ስም ከመለያ ቁጥር ጋር የሚገናኝበት ገጽም ለብቻው ይሁን። በገጠር ምሥጢር የሚወጣው በወረቀት ብቻ አይደለም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ አንድ ቤት ብቻ በቀጥታ ስትመላለስ ጎረቤት ሁሉ ምክንያቱን ይጠይቃል። ስለዚህ በዚያው መንገድ ያሉ ሌሎች ሁለት ሦስት ቤቶችንም ትጎብኝ፣ ስለ ክትባት ወይም ስለ መጸዳጃ ቤት ትጠይቅ፣ የተፈለገውን ቤት በመሀል ታድርገው።

በጉብኝቱ የሚነገረው አጭር ነው። እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ መድኃኒት ከጀመረም መድኃኒቱን መጠየቅ፤ የሞት ሐሳቡ ተመልሶ እንደሆነ ሳያፍሩ መጠየቅ፤ ሲከፋበት ለማን እንደሚነግር አብሮ ማሰብ፤ የሚቀጥለውን ቀን ነግሮ መለየት። የተባለው ቀን ላይ መምጣት ከሚነገረው ምክር ይበልጣል።

የፀረ ተባይ ኬሚካልን ከቤት ማራቅ

ራስን የማጥፋት ሐሳብ በብዙ ሰው ላይ ማዕበል ነው፤ ከፍ ብሎ ይመታል፣ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥም ይወርዳል። በዚያ ጊዜ በእጅ የሚገኘው ነገር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የብዙውን ሰው ዕድል ይወስናል። በጫት፣ በአትክልትና በእህል ማሳ ላይ ኬሚካል በሚረጭበት አካባቢያችን ይህ ጉዳይ የግብርናም የጤናም ነው።

ስሪ ላንካ እጅግ መርዛማ የሆኑ ፀረ ተባይ ኬሚካሎችን ተራ በተራ በማገዷ እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2015 ባለው ጊዜ በአገሪቱ ራስን የማጥፋት መጠን በ70 በመቶ ገደማ ቀንሷል። በዚያው አገር በ180 መንደሮች ለየገበሬው ቤት የሚቆለፍ የኬሚካል ሣጥን የታደለበት ትልቅ ጥናት ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 እንደታተመው፣ የሚታይ ለውጥ አላመጣም። ከዚህ የምረዳው፣ ያለንን ጥቂት ገንዘብ ሣጥን ገዝቶ በማደል ላይ ማዋል እንደማይገባ ነው። የተሻለው መንገድ ኬሚካሉ መጀመሪያውኑ ወደ ቤት እንዳይገባ ማድረግ ነው። የጤና ጣቢያውና የግብርና ልማት ሠራተኛው አብረው ይቀመጡ፤ በቀበሌው ገበያ የሚሸጡትን ኬሚካሎች ይመዝግቡ፤ የታገደ ወይም ምልክቱ የተነቀለ፣ በውኃ ጠርሙስ ተገልብጦ የሚቸረቸር ኬሚካል ካለ ለሚመለከተው የግብርና ቢሮ በጽሑፍ ያሳውቁ። ገበሬው ለአንድ ርጭት የሚበቃውን ብቻ ገዝቶ ማሳው ላይ እንዲጨርስ፣ የተረፈውን ደግሞ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን እንዲያኖር ይመከር። ነጋዴዎችም ለሕፃን፣ ለሰከረና በግልጽ ለተረበሸ ሰው እንዳይሸጡ ቢመከሩ የሚያስተውሉት ብዙ ነው። አደጋ እንዳለበት በታወቀ ሰው ቤት ግን ይህ ሁሉ ሳይጠበቅ ኬሚካሉ በዚያኑ ዕለት ይወጣል።

ከመድኃኒት ጋርም እንዲሁ ነው። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ከመጠን በላይ ሲወሰዱ ሕይወት ያጠፋሉ፤ አደጋ ላለበት ሰው የሚሰጠው የአንድ ሳምንት ብቻ ይሁን፣ የሚይዘውም ቤተሰብ ይሁን።

የሃይማኖት አባቶች፣ አፎቻና ዕድር

ሕመምተኛው ወደ ጤና ጣቢያ ከመምጣቱ በፊት ቁርኣን ተቀርቶለታል፣ ወዳጃ ተደርጎለታል፣ ወይም ወደ ቁልቢ ተስሎ ጠበል ተጠምቋል። ይህንን የሚያቃልል ባለሙያ ቤተሰቡን ያጣል። ሼኹን ወይም ቄሱን በአካል ሄዶ ማነጋገር፣ «ጸሎቱ ይቀጥል፣ መድኃኒቱም ይቀጥል» በሚለው ላይ መስማማት፣ ሦስት ነገሮችን ሲያዩም እንዲልኩ መጠየቅ ይበቃል፤ እነርሱም ለቀናት ያልተኛ ሰው፣ ምግብና ውኃ እንቢ ያለ ሰው፣ ስለ መሞት የሚናገር ሰው ናቸው። ጠበል የሚጠመቅ ታካሚ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ፣ በተለይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ከበፊቱ የከፋ መውደቅ እንደሚያስከትል አባቶች ራሳቸው ቢናገሩት ከእኛ ይልቅ ይሰማሉ።

በሰንሰለት የታሰረ ሰው ሲገኝ ቤተሰቡን መክሰስ መጀመሪያ መሆን የለበትም። አብዛኛው ቤተሰብ ያሠረው ልጁ እንዳይጠፋ ወይም ሰው እንዳይጎዳ ፈርቶ፣ ሌላ መንገድ አጥቶ ነው። በዚያው ሳምንት ባለሙያ ቤት ድረስ ሄዶ ሕክምና ያስጀምር፤ እንደ ሁኔታው በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ በመርፌ የሚሰጠው መድኃኒት በየቀኑ ክኒን ለማስዋጥ ለሚቸገር ቤተሰብ ይመቻል፤ እስሩ የሚፈታበትም ቀን ከቤተሰቡ ጋር ተቆርጦ ይጻፍ።

በሐረር አፎቻ የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር፣ በድሬዳዋና በየመንደሩም ዕድር ማን እንዳዘነ፣ ማን ከሰው እንደራቀ ከሁሉ ቀድመው ያውቃሉ። ከእያንዳንዱ የሴቶችም የወንዶችም አፎቻ ወይም ዕድር ሁለት ሁለት ሰው ለግማሽ ቀን ቢማሩ ይበቃል፤ እንዲያክሙ አይጠበቅም፣ አይተው እንዲያደርሱ ነው። ራሱን ያጠፋ ሰው ቤት ለቅሶ ሲደረስም እነርሱ ሥርዓት ማስያዝ ይችላሉ፤ እንዴት እንደሞተ በዝርዝር አይወራ፣ ምክንያቱ በአንድ ጠብ ወይም በአንድ ሰው ላይ አይለጠፍ፣ ሟቹ እንደ ጀግና አይወደስ፣ ቤተሰቡም አይሰደብ። የአካባቢ ሬዲዮም ይህንኑ ይጠብቅ፤ የአሟሟት ዝርዝር በተጨነቀ ወጣት ጆሮ ሲገባ ሌላ ሞት ሊያስከትል ይችላል። ቤተሰቡ ከሠልስት በኋላ ሰው ሲበተን ነው የሚጎዳው፤ ስለዚህ የሟቹ የቅርብ ዘመዶች በዚያው ደብተር ተመዝግበው ይጎብኙ።

ትምህርት ቤቶችንና ከስደት ተመላሾችን በተመለከተ

በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉ ወጣቶችም ከዋና ዋናዎቹ የሞት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። በየትምህርት ቤቱ ተማሪዎች የሚያምኑት አንድ መምህር ይመረጥ፣ ስልኩም ከጤና ጣቢያው ጋር ይገናኝ። በጅቡቲ በኩል ወይም በሌላ መንገድ ከዓረብ አገር ተመላሽ የሆኑ ወጣቶች በመንገዱ ያዩትን ለቤተሰብ አይናገሩም፤ በተመለሱ በመጀመሪያው ወር አንድ ጊዜ መጎብኘት አለባቸው።

መድኃኒትና ገንዘብ

መድኃኒት ያለቀበት ጤና ጣቢያ ታካሚውን ብቻ ሳይሆን መልካም ስሙንም ያጣል። በየሁለት ወሩ ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የድሬዳዋ ቅርንጫፍ የሚላከው ጥያቄ ባለፈው ጊዜ በወጣው መጠን ብቻ ከተሰላ፣ ባለፈው ጊዜ መድኃኒቱ አልቆ ከነበረ ጉድለቱ ራሱን ይደግማል። ስሌቱ በደብተሩ ከተመዘገቡት ታካሚዎች ቁጥር ይነሣ፤ በወር 30 ቀን እየታሰበ የሁለት ወር ፍጆታ፣ በዚያ ላይ የመጠባበቂያ። ለታካሚውም በግልጽ ይነገረው፤ የድብርት መድኃኒት ጥቅሙ እስኪታይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊወስድ ይችላል፣ ከዳነም በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ያልሆነ ድሃ ቤተሰብ ሲገኝ ወረዳው ወጪውን በሚሸፍንላቸው ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ የጤና ጣቢያው ኃላፊ በጽሑፍ ይጠይቅ።

ሠራተኞቹም ሰው ናቸው። የሚከታተሉት ሰው ሲሞት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ራሷን ትወቅሳለች፣ ጎረቤትም ይወቅሳታል። ኃላፊዋ በዚያው ሳምንት አግኝቷት ይስማት፣ ከሥራ እረፍት ይስጣት፣ የተፈጠረው የሚመረመርም ከሆነ ጥፋተኛ ለመፈለግ እንዳይሆን ይጠንቀቅ። ይህን የሚያነብ ባለሙያ ራሱ እንዲህ ያለ ሐሳብ ውስጥ ከገባ ከሚያምነው ባልደረባ ለአንዱ ዛሬውኑ ይንገር፤ ለታካሚው የተጻፈው ሁሉ ለእርሱም ነው።

የወረዳው ዓመታዊ ዕቅድ ሲዘጋጅ የአእምሮ ጤና ብዙ ጊዜ «ግንዛቤ መፍጠር» በሚል አንድ መስመር ይታለፋል። በዚያ መስመር ፈንታ ሦስት ነገሮች ተለይተው በጀት ይያዝላቸው፦ የሆስፒታሉ ባለሙያ በየወሩ የሚወርድበት ትራንስፖርት፣ ለክትትል የሚደወልበት የስልክ ካርድ፣ የመድኃኒት መግዣ። ገንዘቡ ለሦስቱ ካልበቃ የዓውደ ጥናቱ ወጪ ይቀነስ፤ የስልክ ካርዱ ግን አይነካ።